አዲስ ሆኖ የሚንቀራፈፍ፦ የዶሃ ሙቀትና የዴስክቶፕ ገጣጣሚዎች ታሪክ

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ጁላይ 14 ቀን 2010 ዶሃ 50.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ተመዘገበባት። ኮምፒውተር ግን ደጅ አይውልም፤ ኤሲ ባለበት ክፍል ነው የሚቀመጠው። ታዲያ የከተማዋ ሙቀት ምን አገባው? በጣም ያገባዋል። ፋን የሚያቀዘቅዘው በክፍሉ አየር ስለሆነ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች ሊያወርደው አይችልም። 24 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 75 ላይ ይሠራ የነበረ ፕሮሰሰር፣ ሰው ኤሲውን አጥፍቶ ወጥቶ ክፍሉ 40 ሲገባ፣ ያንኑ ሥራ እየሠራ ከ90 ያልፋል። እዚያ ሲደርስ አይቃጠልም፤ ለመጥፋትም አይቸኩልም። ቀስ ይላል።

አዲስ ዴስክቶፕ አስገጥሞ በሳምንቱ ወደ ሱቅ የሚመለስ ደንበኛ የሚያቀርበው አቤቱታ ከአርባ ዓመት ወዲህ ብዙም አልተለወጠም፤ «ከአሮጌው ብሶ ይንቀራፈፋል» ነው። የተለወጠው ምክንያቱ ነው። በአንድ ዘመን ጥፋቱ የተሳሳተ ሽቦ ነበር፣ በሌላው የተጭበረበረ ቺፕ፤ ዛሬ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ራሱ አውቆ የሚያደርገው ነው። ዶሃ ይህን ለውጥ ለማየት የምትመች ከተማ ናት። እዚያ ቅዝቃዜ በፋብሪካ የሚመረትና በቧንቧ የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል፤ ኳታር ኩል የተባለው ኩባንያ በ2010 ፐርል በተሰኘው ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ያስመረቀው ማዕከላዊ ማቀዝቀዣ 130 ሺህ ቶን የማቀዝቀዝ አቅም ይዞ በጊዜው ከዓለም ትልቁ ተብሎለታል።

ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ዶሃ በዕንቁ ጠላቂዎችና በዓሣ አስጋሪዎች የምትኖር ትንሽ ወደብ ነበረች። ጃፓኖች ዕንቁን እንደ ሰብል ማምረት ሲጀምሩ የጠላቂዎቹ ገበያ ተንኮታኮተ፤ ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ የተጀመረው በ1949 መጨረሻ ነው። በ1950ዎቹ ሙሸይሪብ ሰፈር ውስጥ አንድ ጎዳና ከከተማው ሁሉ ቀድሞ መብራት አገኘ፤ ስሙም ካህራባ፣ የኤሌክትሪክ ጎዳና ሆኖ ቀረ። ሰፈሩ ለአሥርተ ዓመታት የሱቅ፣ የምግብ ቤትና የስደተኛ ሠራተኞች መኖሪያ ሆኖ ኖረ። ከ2010 ጀምሮ 31 ሄክታሩ ፈርሶ ሙሸይሪብ ዳውንታውን በሚል ስም እንደ አዲስ ሲሠራ ሱቆቹም ተከራዮቹም ተነሡ፤ ካህራባ ጎዳና ግን ስሙን ይዞ አዲሱ ሰፈር ውስጥ አለ።

የገጣጣሚነት ሙያ የተወለደው ከዶሃ ርቆ ነው። አይቢኤም ኦገስት 12 ቀን 1981 ፒሲ የተሰኘውን ማሽን ሲያወጣ ከገበያ በሚገኙ ክፍሎች ሠርቶ፣ አሠራሩንም በመጽሐፍ አሳትሞ ለቀቀው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመሳሳይ ማሽን የሚሠሩ ኩባንያዎች ከቴክሳስ እስከ ታይዋን ፈሉ። ከዚያ በኋላ ኬዝ፣ ማዘርቦርድና ፓወር ሰፕላይ የሚገዛበት ገንዘብና አንድ ካቻቢቴ ያለው ሁሉ ኮምፒውተር «አምራች» መሆን ቻለ። በባሕረ ሰላጤው የ1980ዎቹ ልጆች ግን በብዛት የሚያስታውሱት ሌላ ማሽን ነው፤ የኩዌቱ አል አላሚያ ለዐረብኛ አዘጋጅቶ የሸጠውን ሳኽር። ሳኽር ተዘግቶ የሚመጣ ማሽን ስለነበር ለገጣጣሚ እጅ አይመችም።

የመጀመሪያው ፒሲ በ4.77 ሜጋኸርትዝ ይሠራ ነበር። የዚያን ጊዜ ብዙ ጌሞች ሰዓት የሚቆጥሩት በፕሮሰሰሩ ፍጥነት ነበርና 8 እና 10 ሜጋኸርትዝ የሚሄዱ ማሽኖች ሲመጡ ጌሙ ከሰው እጅ በላይ ፈጠነ። መፍትሔው ኬዙ ፊት ላይ የተደረገው «ቱርቦ» የሚል ቁልፍ ነው። ስሙ ማፍጠኛ ይምሰል እንጂ ዋና ጥቅሙ ማዘግየት ነበር። የቁልፉን ሽቦ ገልብጦ የሰካ ገጣጣሚ ለደንበኛው አዲስ፣ ግን በግማሽ ጉልበቱ የሚሠራ ማሽን ያስረክባል። ከቁልፉ አጠገብ ደግሞ 33 ወይም 66 እያለ የሚያበራ ትንሽ ሰሌዳ ነበር። ብዙ ሰው የፍጥነት መለኪያ ይመስለው ነበር። ሰሌዳው ምንም አይለካም፤ ቁጥሩን የሚጽፈው ገጣጣሚው ራሱ ነው፣ ከሰሌዳው ጀርባ ባሉ፣ ጃምፐር በሚባሉ ትንንሽ መሰኪያዎች። ባለሱቁ ካሻው 99 ያስበራበታል።

ክፍሎቹ ወደ አካባቢው የሚገቡት በዱባይ በኩል ነበር። የጀበል ዓሊ ወደብ በ1979 ተከፈተ፤ ነጻ የንግድ ቀጣናው በ1985 ተከተለ። ጋይቴክስ የተባለው የኮምፒውተር ትርኢት በ1981 ተጀምሮ በየዓመቱ ነጋዴ ሲሰበስብ፣ በር ዱባይ ውስጥ ያለው የኻሊድ ቢን አል ወሊድ ጎዳና በነጋዴዎች አፍ «የኮምፒውተር ጎዳና» እስከ መባል ደረሰ። ወደ ኳታር የሚገባው ብዙ ሸቀጥ በዚሁ በጀበል ዓሊ ወደብ ወርዶ በሳዑዲ በኩል በከባድ መኪና ወይም በአነስተኛ መርከብ ይቀጥል ነበር። የመርካቶ ነጋዴም ዱባይ ደርሶ መልስ እያለ ከዚያው ጎዳና ይሸምት ስለነበር፣ ዶሃ ላይ የተሸጠው ራምና አዲስ አበባ ላይ የተሸጠው ራም ከአንድ ካርቶን ቢወጡ አያስገርምም።

በ1996 ኳታር ውስጥ ሦስት ነገሮች ተከታተሉ። የቴሌ ኩባንያው ኪውቴል ኢንተርኔት አስገባ፤ አል ጀዚራ ኖቬምበር 1 ቀን ሥርጭት ጀመረ፤ የዓመቱ ማብቂያ ላይ የመጀመሪያው የፈሳሽ ጋዝ ጭነት ወደ ጃፓን ተጓዘ። (ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ያገኘችው በዓመቱ፣ በ1997 ነው።) ዊንዶውስ 95 ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የሚፈልገው ሰው በዛ፤ በዓለም ዙሪያ ከገበያው ጋር ማጭበርበሩም አደገ።

የዚያ ዘመን ማታለያ ዛሬ ሲወራ ቀልድ ይመስላል። ካሽ የሚባለው ፈጣን ማስታወሻ ውድ ስለነበር አንዳንድ የ486 ማዘርቦርዶች በቦታው ባዶ የፕላስቲክ ቺፕ ተለጥፎባቸው ወጡ። ውስጣቸው ምንም የለም። ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ባዮሱ፣ ግን ማሽኑ በተነሣ ቁጥር «256 ኪሎባይት ካሽ አለ» ብሎ እንዲጽፍ ተደርጎ ነበር። ደንበኛው የሚያየው ትክክለኛ ወረቀት፣ ትክክለኛ ስክሪንና የማይንቀሳቀስ ማሽን ነው። የፕሮሰሰሩን ጀርባ ፍቀው ከፍ ያለ ቁጥር የሚያትሙም ነበሩ፤ የፕሮሰሰር አምራቹ ኢንቴል በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ የፍጥነት ማባዣውን ፕሮሰሰሩ ውስጥ መቆለፍ የጀመረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሐቀኛው ገጣጣሚም ቢሆን ይሳሳት ነበር። 133 ሜጋኸርትዝ የሚባለው ፔንቲየም የማዘርቦርዱን 66 በሁለት አባዝቶ ነው እዚያ የሚደርሰው። ጃምፐሩ በአንድ ተኩል ላይ ከተቀመጠ ማሽኑ ያለ አንዳች ቅሬታ በ100 ይሠራል፤ የስህተት ጽሑፍ የለ፣ ጩኸት የለ። ደንበኛው የከፈለበትን አንድ አራተኛ እንዳጣ የሚያውቀው የጎረቤቱ ማሽን ሲቀድመው ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የኬብል ዘመን ነው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሃርድ ዲስኮች ሲፈጥኑ 40 ሽቦ የነበረው ጠፍጣፋ ኬብል አላዋጣ ብሎ 80 ሽቦ ያለው ተተካ። ሁለቱም ጫፋቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ አሮጌው ከአዲሱ ዲስክ ጋር በደንብ ይገጥማል፤ ዲስኩ ግን ፍጥነቱን በሰከንድ ወደ 33 ሜጋባይት ያወርዳል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ የራሱ ጠባይ ነበረው። ከዲስኩ ጋር ሲነጋገር ስድስት ስህተት ከተጠራቀመበት የዝውውሩን ስልት ደረጃ በደረጃ እያወረደ ፒአይኦ ወደሚባለው፣ እያንዳንዱን ቃል ፕሮሰሰሩ በእጁ ወደሚያመላልስበት ጥንታዊ ዘዴ ይመልሰዋል። ኬብሉ ቢቀየርም ወደ ላይ አይመለስም። «ፎርማት ይደረግ» የሚለው የየአገሩ ጠጋኞች መድኃኒት ክብሩን ያገኘው እንዲህ ካሉ በሽታዎች ይመስላል፤ ፎርማት ሲደረግ ዊንዶውሱ የቆጠረውን ስህተት ይረሳልና ማሽኑ ለጊዜው ይፈጥናል። ጥፋተኛው ኬብል ግን ቦታው ላይ ነው፤ ስድስቱ ስህተት እንደገና እስኪሞላ ድረስ።

ሙያውን ሁለት ቦታ የከፈለው ክስተት የመጣው በሴፕቴምበር 2001 ነው። ቶምስ ሃርድዌር የተባለው የጀርመናዊው ቶማስ ፓብስት የኮምፒውተር መመርመሪያ ቡድን አንድ ቪዲዮ አወጣ። አራት ማሽኖች ኩዌክ 3 የተባለውን ጌም እያስኬዱ ሳሉ ከፕሮሰሰራቸው ላይ ሙቀቱን የሚያስወግደው ብረት፣ ሂት ሲንኩ፣ ተነቀለ። የኢንቴል ተፎካካሪ ኤኤምዲ የሠራቸው አትሎኖች በሰከንዶች ውስጥ ጨሱና ሞቱ። ፔንቲየም 3 ባለበት ደርቆ ቀረ። በ2000 መጨረሻ ለገበያ የቀረበው ፔንቲየም 4 ግን ጌሙን አላቆመም፤ ምስሉ እየተጎተተ ሄደ፣ ሂት ሲንኩ ሲመለስለት ወደ ፍጥነቱ ተመለሰ። ውስጡ ሙቀቱን የሚለካና ከልክ ሲያልፍ ሥራውን እየቆራረጠ የሚያዘገይ ዘዴ ተሠርቶለት ነበር።

በጊዜው ሰው የተደነቀው በጢሱ ነው። ለጠጋኝ ግን ትልቁ ዜና የተጎተተው ምስል ነበር። እስከዚያ ድረስ በደንብ ያልተገጠመ ማቀዝቀዣ የሞተ ፕሮሰሰር ወይም የቆመ ማሽን ያመጣል፤ ሱቁም ወዲያው ያውቃል፣ ገንዘብ ይመለሳል ወይም ዕቃ ይቀየራል። ከዚያ በኋላ ግን ያው ስህተት የሚንቀራፈፍ ማሽን ያመጣል፤ ደንበኛውም ቫይረስ ነው፣ ዊንዶውስ ነው፣ ተታለልኩ እያለ ወር ሊቆይ ይችላል። ኤኤምዲም ተመሳሳይ መከላከያ ሠራ፤ ዛሬ ያለ እሱ የሚሸጥ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር የለም። ቀስ ማለት የብልሽት ቋንቋ ሆነ። ጠጋኙም ካቻቢቴውን ከማንሣቱ በፊት የሙቀትና የፍጥነት ቁጥር የሚያሳይ ፕሮግራም መክፈት ግድ ሆነበት።

በእነዚያው ዓመታት ዶሃ ራሷ ፈነዳች። ኤጁኬሽን ሲቲ በተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሰፈር ውስጥ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2003፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስተምረው ካርኔጊ ሜለን በ2004 በር ከፈቱ። የ2006ቱ የእስያ ጨዋታዎች መጡ። ላፕቶፕ ዴስክቶፕን ከቢሮና ከመኖሪያ ቤት እያስወጣ ነበር፤ ገጣጣሚው ሊረሳ ይችል ነበር። ያዳነው ጌም ነው። ቪዲዮ የሚያቀናብሩና ሥዕል የሚሠሩ ሰዎች ተጨመሩበት። የሳሎን መደርደሪያ ሥር የተደበቀ ግራጫ ሣጥን የነበረው ማሽን መስታወት ጎን፣ ባለቀለም መብራትና ከሕፃን ጭንቅላት የሚተልቅ ማቀዝቀዣ ይዞ ተመለሰ።

ጁን 5 ቀን 2017 ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ኤምሬትስ፣ ባሕሬንና ግብፅ ከኳታር ጋር ያላቸውን ግንኙነት ቆረጡ። ብቸኛው የየብስ ድንበር ተዘጋ፤ በጀበል ዓሊ የሚያልፈው የሸቀጥ መስመርም አብሮ ተቋረጠ። ኳታር በኦማኖቹ ሶሃርና ሰላላ ወደቦች በኩል ቀጥታ የመርከብ መስመር አስጀመረች፤ ቀድሞ ሥራ የጀመረው ሐመድ ወደብ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 5 ቀን በይፋ ተመረቀ። በዱባይ ባለ አከፋፋይ ላይ ቆሞ ለነበረ የዶሃ ባለሱቅ ይህ አቅራቢን እንደ አዲስ መፈለግ ማለት ነበር። ድንበሩ በጃንዋሪ 2021 ሲከፈት ደግሞ ዓለም በቺፕ እጥረት ተይዛ ነበር፤ በ2020 መከር የወጡት ግራፊክስ ካርዶች ለጌም ተጫዋች ሳይደርሱ በክሪፕቶ ቆፋሪዎች ያልቁ ነበር። ሰው ያገኘውን ከአሮጌው እየቀላቀለ መግጠም ለመደ። ድብልቅ ማሽን ደግሞ የዝግመት መንገዱ ብዙ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስገርመው ግን ሁሉም ክፍል አዲስ ሆኖ የሚዘገይ ማሽን ነው። ራም ሲገዛ ካርቶኑ ላይ 3,600 ይላል፤ ማሽኑ ሲነሣ ግን ዲዲአር4 የሆነ ራም በ2,133 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ባለ ፍጥነት ነው የሚሠራው። የተጻፈው ፍጥነት የሚገኘው ባዮስ ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒ የሚባለውን፣ ኢንቴል በ2007 ያመጣውን ቅንብር ሲያበሩት ነው። ማንም ካልነገረው ደንበኛው የከፈለበትን ሳያገኝ ዓመታት ይኖራል። ሁለት ራም አጠገብ ላጠገብ ሲሰኩ ደግሞ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ሁለቱም አንድ መንገድ ይጋራሉ፤ ሁለት ረድፍ አስፋልት ዘርግቶ መኪናውን ሁሉ በአንዱ መንዳት ነው። ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ ሲገቡ ሁለቱም መንገድ ይከፈታል።

ሌላው ያፈጠጠ ስህተት የስክሪኑ ኬብል ነው። የግራፊክስ ካርዱ ዋጋ የማሽኑን ግማሽ ይሆናል፤ ባለቤቱ ግን የስክሪኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ሰክቶት ካርዱ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ጌሙ ይከፈታል፣ ይንቀሳቀሳልም፤ የሚሠራው ግን በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለችው ትንሽዬ ግራፊክስ ነው። በሰከንድ 144 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ገዝቶ ዊንዶውስ 60 ላይ እንዳስቀመጠው የሚጠቀምም አለ። የማቀዝቀዣው ሥር ላይ «ከመግጠምዎ በፊት ያንሡ» የሚል የፕላስቲክ ሽፋን አለ፤ እሱ ሳይነሣ ሙቀት አስተላላፊው ቴርማል ፔስት ተቀብቶበት የታሰረ ማሽን ስንት ጠጋኝ አይቷል። በውኃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ፓምፑ ሽቦው ሳይሰካ ይቀራል፤ ፋኖቹ ስለሚዞሩ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። እነዚህ ስህተቶች ሁሉ ማሽኑን አያቆሙትም። ማሽኑ የ2001ዱ ቪዲዮ ላይ የታየው ፔንቲየም 4 ያስተማረውን እያደረገ ነው፤ ሳይቆም ይዘገያል።

ዶሃ ላይ በዚህ ላይ አቧራ አለ። ሸማል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ የሚያነሣው ደቃቅ አቧራ በመስኮት ክፍተት ገብቶ የኬዙን ወንፊትና የሂት ሲንኩን ክንፎች ይደፍናል፤ ኅዳር ላይ በደንብ ይሠራ የነበረ ማሽን ሐምሌ ላይ ሌላ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ሂሳብም ይገባበታል። የኳታር ዜጎች ለቤታቸው መብራት አይከፍሉም፤ የሚበዛው ነዋሪ የሆነው የውጭ ሰው ግን ይከፍላልና ከቤት ሲወጣ ኤሲውን ያጠፋል። ፋይል እያወረደ ወይም ቪዲዮ እያዘጋጀ የተተወ ዴስክቶፕ ለእነዚያ ሰዓታት የመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ያለው ክፍል ውስጥ ነው። ኤኤምዲ በ2022 ያወጣቸው ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ደግሞ ሙሉ ሥራ ሲሰጣቸው 95 ዲግሪ ድረስ ሄደው እዚያ እንዲሠሩ ሆነው ተሠርተዋል። ብዙ ገጣጣሚ ይህን ቁጥር ሲያይ ማቀዝቀዣውን ሁለት ሦስት ጊዜ ፈትቶ ገጥሟል። እዚህ ላይ የድሮ እውቀት ያሳስታል፤ መታየት ያለበት ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን በዚያ ሙቀት ላይ ፍጥነቱ ወርዷል ወይስ አልወረደም የሚለው ነው።

በዚያው በ2022 ማይክሮሶፍት፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ጉግል ዶሃ ላይ የክላውድ ማዕከል ከፍተዋል። እነዚያ ማዕከላት ብዙ ገንዘብ የሚያወጡበት ችግር ካህራባ ጎዳና መብራት ካገኘ ወዲህ ከተማው ሁሉ የተጋፈጠው ያው የማቀዝቀዝ ጉዳይ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው።

በኢትዮጵያና በኳታር መካከል በ2008 ተቋርጦ የነበረው ግንኙነት በ2012 ከተመለሰ በኋላ በረራውም መንገደኛውም በዝቷል፤ ከዶሃ ወደ ቦሌ በሚጓዝ ሻንጣ ውስጥ ኮምፒውተር ማየት ብርቅ አይደለም። ዴስክቶፕ ሲሆን ግን ጉዞው የራሱ ፈተና አለው። የኳታር ሶኬት የእንግሊዞቹ ባለሦስት ጥርስ ነው፣ ኃይሉም 240 ቮልት፤ አዲስ አበባ በባለክብ ጥርሱና በ220 ትጠብቀዋለች። የአሁን ፓወር ሰፕላይ ሁለቱንም ይቀበላል፤ መሬት የሌለው ርካሽ አዳፕተር የተደረገለት ኬዝ ግን ሲነኩት እጅ ይነዝራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ በዶሃ ባሕር ዳር ካለው ከአራት ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው የሚከብደው። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ ክፍሉ ራሱ በ20 ዲግሪ አካባቢ ስለሚውል ሂሳቡ ለአዲስ አበባ ያደላል።

ስለዚህ ከዶሃ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ የዘገየ ማሽን ሲገኝ ሙቀት የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መሆን አልነበረበትም። ነው ግን። አንድ ኪሎ የሚጠጋው የማቀዝቀዣ ማማ በሻንጣ ጭነት ሲንገላታ ብሎኖቹ ይላላሉ፤ በፕሮሰሰሩና በእሱ መካከል የፀጉር ስፋት ያህል ክፍተት ሲፈጠር ፔስቱ ይሰነጠቃል። ግራፊክስ ካርዱም ከቦታው ይነቃነቅና ማሽኑ ከሙሉ መስመሩ ባነሰ ያነጋግረዋል። የሚያውቅ ሰው ለጉዞ ሲያሽግ ሁለቱንም ፈትቶ ለየብቻ ይጠቀልላል። ያላወቀው ሰው የሚሄድበት ጠጋኝ ደግሞ ፎርማት ከማድረጉ በፊት ኬዙን ይከፍታል፤ ማማውን አንሥቶ የደረቀውን ፔስት በአልኮል ይጠርጋል፤ አዲስ ቀብቶ አራቱን ብሎኖች አንዱን አጥብቆ ሳይጨርስ በማዕዘን ወደ ተቃራኒው እያለፈ ጥቂት በጥቂት ያስራቸዋል።